ሳይወርድ የቀረ ምንሽር

አልቃሿ አየሁሽ የሞተ ሰው ትጥቅ ታወርዳለች። ሌሎች አልቃሾች የሟቹን ደግነት፣ የእርሻውን ስፋት፣ የዘሩን ጥራት ሲያነሱ እሷ ያንን ሁሉ ለእነሱ ትታ ከመሣሪያው ትጀምራለች። ጋሻም ይሁን ጦር፣ ጠመንጃም ይሁን ጎራዴ፣ በስሙ እየጠራች በሁለት ስንኝ ከትከሻው ታወርድና ለወራሹ እጅ ታስረክባለች። ዕቃው ራሱ በለቅሶው ሜዳ መሃል ጋቢ ተነጥፎለት ይቀመጣል። ከሽንፋ ወንዝ ወዲህም ሆነ ወዲያ አንድ ወንድ አየሁሽ ትጥቁን ሳታወርድለት ቀረ ከተባለ ዘመዶቹ ዓመት ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ይከርማሉ።

ሙያውን ያወረሰቻት እናቷ ናት። እናቷ ከደጋ ወደ ቆላ ስትወርድ የያዘችው አንዲት ሙቀጫና ይህን ሙያ ብቻ ነበር። ልትሞት ስትል ልጇን አስጠርታ አንድ ነገር ነገረቻት። «ሰው ሲሞት ሥጋው በራሱ ይወድቃል፤ ትጥቁ ግን በራሱ አይወርድም፤ የሚያወርድለት ይፈልጋል። ያላወረድሽለትን ይዞ ይቆማል። የሚከተለውም ሌላ ሰው አይደለም፤ አንቺን ነው።» አየሁሽ ያን ጊዜ ልጅ እግር ነበረችና እናቷ ሙያውን ለማስከበር ያለችው መስሏት ነበር።

ጣሊያን መተማን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ በማክሰኞ ገበያ መሃል ከበሮ ተመታ። ሰው ሰሊጡንም ጨውንም ትቶ ተሰበሰበ። በድንበሩ ሰው አፍ ነጭ ሁሉ ኸዋጃ ነውና፣ ኸዋጃው ሹም ከወንበሩ ሳይነሳ ወረቀት አንስቶ አነበበ። ከጎኑ የቆመው አስተርጓሚ ወደ አማርኛ መለሰው። ጠመንጃ፣ ሽጉጥ፣ ጎራዴ፣ ጦር፣ ጋሻ፣ ከዚህም ሌላ ለውጊያ የሚሆን ብረትና ቆዳ ማንኛውንም ይዞ፣ ታጥቆ፣ ለብሶ ወይም ደብቆ የተገኘ በስቅላት ይቀጣል፤ ቤቱም ይቃጠላል።

አስተርጓሚው ሸጋው ይባላል። የዚያው የገበያው ቀበሌ ልጅ ነው። አገኘሽ የምትባል ሴት የወለደችው አንድ ልጅ፣ ጎንደር ሄዶ ከጣሊያን ሐኪም ቤት ሲላላክ ቋንቋውን የለመደ። ሰው ሁሉ በሕፃንነቱ ያውቀዋልና አዋጁ ሲያልቅ እንደ ቤት ልጅ ይጠይቁት ጀመር። ዱላስ፣ አለው አንዱ። ሸጋው ለኸዋጃው አስተረጎመለት። ዱላ ከወገብ ካላለፈ ግድ የለም ተባለ። ዘነዘናስ፣ አለች አንዲት ሴት፤ ሰው ሳቀ፣ ሸጋውም ሳቀ፤ ይህን ግን አላስተረጎመም። በሳምንቱ ገበያ የመጡት ሽማግሎች ሁሉ ረጃጅም በትራቸውን እስከ ወገባቸው ቆርጠው እንደ ልጅ ፈረስ ይዘው ታዩ። ጎንበስ ብለው ሲመረኮዙ፣ መንግሥት ቢያንስ መሬቱን እንድናይ አደረገን እያሉ ያላግጡ ነበር።

አየሁሽ የተሳሳተችው ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው ለቅሶ ነው።

ውባንተ የሚባል ገበሬ በንዳድ ሞተ። በለቅሶው ቀን ጋቢው ተነጠፈ፤ በላዩ ግን ምንም አልተቀመጠም። አዋጁን ሰው ሁሉ ሰምቷል። አየሁሽም ሰምታለች። ነገር ግን መያዝ ተከለከለ እንጂ መጥራት ተከለከለ የሚል ቃል አልሰማችም። ተነስታ እንደ ልማዷ ባዶው ጋቢ ፊት ቆመችና፣

ሰናድሩን አውርዱት ከትከሻው ላይ፣
መንገዱ ሩቅ ነው ይከብደው የለም ወይ

አለች። ሰው አለቀሰ። ሸጋውም ከለቀስተኛው መሃል ተቀምጦ አለቀሰ፤ ውባንተ የእናቱ ጎረቤት ነበርና እውነተኛ እንባ ነው ያለቀሰው። እንባውን ሲጨርስ ከደረት ኪሱ ደብተርና እርሳስ አውጥቶ አንድ መስመር ጻፈ።

በሦስተኛው ቀን ወታደሮች የውባንተን ወንድም አዛናውን ያዙት። ሰናድር ጠመንጃውን አምጣ አሉት። የለም አለ። አልቃሽ ዋሽታ አታውቅም፤ ሰናድር አለ ካለች አለ፣ አለው ሸጋው። ለኸዋጃውም እንዲሁ ብሎ ነገረው፤ በዚህ አገር የጠመንጃ መዝገብ የለም፣ መዝገቡ የዚህች ሴትዮ አፍ ነው። በማክሰኞው አዛናው ከገበያው ቁርቁራ ዛፍ ላይ ተሰቀለ።

ከዚያ ቀን በኋላ የአየሁሽ አፍ ለሰው መታነቂያ ሆነ። እሷም ይህን ስላወቀች የአዛናውን ለቅሶ ስታስለቅስ ሰውየው የራሱ ውጅግራ ጠመንጃ እንደነበረው እያወቀች አልጠራችውም። ደግነቱን፣ እርሻውን፣ ዘሩን አነሳች፤ ትጥቁን ዘለለች። ቀጥሎ ሽንፋ ላይ አያ ተገኘ የሚባሉ የጥንት ዝሆን አዳኝ ሞቱ። የጎሽ ቆዳ ጋሻቸው ከልጆቻቸው በአንዱ ጎተራ ሥር ተቀብሯል። ያንንም ዘለለችው። ለቀስተኛው የዘለለችው ለምን እንደሆነ ገብቶት መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ሸጋው ደብተሩን ዘግቶ ሄደ።

ከሽንፋ ስትመለስ ቀትር ነበር። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ብቻ ቆሟል። ከመሬቱ የሚነሳው ሙቀት ሩቁን ዛፍ እንደ ውሃ ያንቀሳቅሰዋል። አንድም ወፍ የለም። አየሁሽ ከኋላዋ አንድ ድምፅ ሰማች። የጠመንጃ ማንገቻ ቀለበት ከሰደፉ ጋር ሲነካካ የሚሰማው ዓይነት ነው። ቀጭ። ከዚያ ጥቂት እርምጃ። ቀጭ። ከዚያው ጎን ደግሞ ደረቅ ቆዳ ከጉልበት ጋር ሲፋተግ ይሰማል። ስትቆም ይቆማል። ስትሄድ ይሄዳል።

አልዞረችም። እናቷ ዙሪ አላለቻትም፤ አትዙሪም አላለቻትም።

የገበያው ጫፍ ስትደርስ ሽኩር ከሱቁ ዳስ ሥር ተቀምጦ አገኘችው። ሽኩር ጨውና ስኳር፣ ቡልኮና ሻማ የሚሸጥ፣ ከሱዳን ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ሽማግሌ ነው። አረፍ በይ እትየ አላት፤ ከእንስራው ቀድቶ በጣሳ ውሃ ሰጣት። ከዚያ ሌላ ሁለት ጣሳ ቀድቶ ከመደቡ ጫፍ አስቀመጠ። አየሁሽ ጣሳዎቹን ተመለከተች። ሽኩርም ተመለከታቸው። ጥቂት ቆይቶ አንዱን አንስቶ ራሱ ጠጣው።

«ከሰው ጋር የመጣሽ መስሎኝ ነው» አለ። «ወላሂ፣ ዓይኔ ደክሟል።»

ሁለተኛውን ጣሳ ግን አልነካውም። በማግስቱ ሲያየው፣ በዚያ ሙቀት፣ ውሃው ከአፉ አንዲት ጣት እንኳ አልጎደለም ነበር። ይህን ለአየሁሽ የነገራት ብዙ ቆይቶ ነው።

ሁለቱ እንዲህ እየተከተሏት አንድ ክረምት አለፈ። ክፉ ነገር አላደረጉባትም። እርሻ ስትወርድ ከድንበሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ቤት ስትገባ ውጭ ይቀራሉ። ቀጭ። ቀስ በቀስ ግን የእሷም ትከሻ በአንድ በኩል ማዘንበል ጀመረ። ጎረቤቶቿ ብርድ ነው አሏት፤ በቆላ ምን ብርድ አለ።

መስከረም ሲጠባ አሰበች የምትባል ሴት መጣች። ባሏ እንግዳው በንዳድ ከሞተ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። ሬሳው በዚያ ሙቀት አይቆይምና በሞተበት ቀን ተቀብሯል፤ ለቅሶው ግን ከሳንጃ ከተማ የሚመጡት ዘመዶች እስኪደርሱ ተቆይቶ ለመጪው ሐሙስ ተቆርጧል። አሰበች ከመደቡ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ስታጣጥፍና ስትዘረጋ ቆየች።

ምንሽሩ የት ነው፣ ብላ አየሁሽ በቀስታ ጠየቀቻት። እንግዳው ምንሽር ጠመንጃ እንደነበረው ማንም ያውቃል።

አሰበች ነገረቻት። ምንሽሩን የእንግዳው ታናሽ ወንድም ይዞት አርማጭሆ ገብቷል፤ ከአርበኞቹ ጋር ነው። ተጠርቶ ሸጋው ከጻፈው ግን አምጡ የሚባሉት እሷና ሽማግሌው አማቷ ናቸው። ማምጣት አይችሉም። አማቷ ይሰቀላሉ፤ ቤቱ ይቃጠላል።

«እንግዲያውስ አልጠራውም» አለች አየሁሽ። «አትፍሪ ልጄ። እዘለዋለሁ።»

አሰበች ራሷን ነቀነቀች። የመጣችው ለዚያ አልነበረም።

«እትየ፣ ይመጣል» አለች። «ቀትር ላይ ይመጣል። ጠመንጃውን እንደ ልማዱ ከማጅራቱ አግድሞ፣ ሁለት ክንዱን ሰቅሎበት። ልግባ ይላል። መቃኑ አያስገባውም። አንዴ ይሞክራል፣ ሁለቴ ይሞክራል። ኳ ይላል በዚህ፣ ኳ ይላል በዚያ። ጠመንጃህን አውርደህ ግባ እለዋለሁ። አይሰማኝም። አማቴ አልጋቸው ላይ ሆነው ጆሯቸውን ይዘው ያለቅሳሉ።»

ገና ስላልተለቀሰለት እሷን ሳይሆን የራሱን በር ነው የያዘው። አየሁሽ አብራት ሄደች። የጭቃ ቤቱ በር እንደ ማንኛውም በር ነው። በሰው ትከሻ ልክ፣ በግራና በቀኝ መቃኑ ላይ፣ እንጨቱ ተፍቆ ነጭ ሆኗል። በጣቷ ዳሰሰችው። ፍቅፋቂው አዲስ ነው። ጣቷን ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ የሰሊጥ ዘይት ሸተታት፤ በዚያ አገር ሰው ጠመንጃውን የሚወለውለው በዚሁ ነው። ከውስጥ ሽማግሌው አማች፣ ማነው፣ እሱ ነው ወይ፣ አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አየሁሽ ነኝ» አለቻቸው። «ሐሙስ አወርድለታለሁ።»

እንዴት እንደምታወርድለት አታውቅም ነበር። ብትጠራው እኚህ ሽማግሌ ይሰቀላሉ። ካልጠራችው ልጃቸው ከበራቸው አይነቀልም። ሦስት ቀን አሰበችበት። እናቷ በቃል ታወርድ የነበረውን ሁሉ አስታወሰች፤ ከቃሉ በፊት እናቷ እጆቿን ትዘረጋ እንደነበረም አስታወሰች።

ሐሙስ ጧት ሰው ተሰበሰበ። ወንዶቹ በአጭር በትራቸው ተመርኩዘው በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን ቆሙ። ከሴቶቹ መሃል የሸጋው እናት አገኘሽም ነበረች፤ ልጇ ከዚያ ሥራ ከገባ ወዲህ ማንም አጠገቧ አይቆምምና ከሁሉም ትንሽ ፈቀቅ ብላለች። ጋቢው ተነጠፈ። በላዩ ምንም የለም። ሸጋው ሁለት ባንዳዎች አስከትሎ መጣና ሰው በለቀቀለት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እርሳሱን በምላሱ አራሰ።

«ዛሬስ ምን ትነግሪኛለሽ፣ እትየ አየሁሽ?» አላት።

«ጆሮህ የሰማውን» አለችው።

ሳቀ። ሰው አልሳቀም።

አየሁሽ ስለ እርሻው አንድ፣ ስለ ደግነቱ አንድ ስንኝ ብቻ አለች። ከዚያ ዝም አለች። የሴቶቹ ለቅሶ ቀስ በቀስ ከሰመ። አየሁሽ ከጋቢው ፊት ቆማ ወንዶቹ ወደቆሙበት ዞረች። ማንም ምንም ሳይላቸው ወንዶቹ ግራና ቀኝ ተከፈሉ። የተከፈተው መንገድ አንድ ሰው ከሚያሳልፈው ሰፋ ይላል፤ ጠመንጃ ያገደመ ሰው የሚያሳልፈውን ያህል ነው።

ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። እንግዳው ረጅም ሰው ነበር፤ በእግሯ ጣቶች መቆም ነበረባት። እጆቿ ባዶ አየር ላይ አንድ ነገር ያዙ፤ ከአንድ ወገን አላቀቁት፣ ከሌላው ወገን አላቀቁት፣ ቀስ ብለው ወደ ታች አወረዱት። ከዚያ ክንዶቿ በአንድ ጊዜ ቁልቁል ረገቡ። ክብደቱን ያላየ ሰው አልነበረም። ሽማግሌው አማች ከተቀመጡበት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ እንደዚያ አልተነፈሱም።

ነገር ግን በዚያ አልቆመም። አየሁሽ አሁንም ወደ ጎን ዞረች። ተራውን የሚጠብቅ ሰው እንዳለ ሁሉ እንደገና እጇን ዘረጋች፤ ይኸኛው ትከሻው ዝቅ ያለ ነበር። ቀጭ አለ። ከፊት የቆሙት ሰምተውታል። ሦስተኛው ጊዜ አንድ ሰፊና ክብ ነገር ከጉልበቷ ጋር ሲላተም ቀሚሷ ወደ ኋላ ሄደ። አንድም ቃል ከአፏ አልወጣም። ሸጋው እርሳሱን እንደያዘ ነው፤ የሚጽፈው አላገኘም።

አሁን አየሁሽ ሁለት ክንዷ ሞልቶ ቆማለች። የወረደን ትጥቅ ወራሽ ይቀበላል እንጂ መሬት አይጣልም። ሸጋው ደግሞ ሞኝ አይደለም። ደብተሩን ትቶ ሰው ሰውን ማየት ጀመረ። እጁን የሚዘረጋው ማንም ይሁን ማን፣ ጠመንጃው ያለው እሱ ዘንድ ነው። ሽማግሌው አማች ሊነሱ ሲሞክሩ አሰበች የጋቢያቸውን ጫፍ ይዛ መልሳ አስቀመጠቻቸው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ፀሐይዋ ወደ አናት እየወጣች ነበር።

ሸጋው ከበርጩማው ተነሳ።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«የምታየውን ነው የያዝሁት።»

«እኔ የማየው የለም።»

«እንግዲያ ምንም አልያዝሁም ማለት ነው» አለች አየሁሽ። ላቧ በአገጯ ይወርዳል። «ተመለስና ተቀመጥ፣ ልጄ።»

ሸጋው ወደ ባንዳዎቹ ዞረ። ባንዳዎቹ አይስቁም። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ይህ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ የሚያየው እሱን ነው፤ በዚህ ዝምታ ቢቀመጥ ከእንግዲህ ማን ይፈራዋል። ደብተሩን ደረት ኪሱ ከተተና ሁለት እጆቹን ዘረጋ።

«መሣሪያ ከሆነ የመንግሥት ነው። አዋጁ ይኸው ነው። በይ አስረክቢ» አለ።

«አትቀበል» አለችው አየሁሽ። ድምጿ እሱ ብቻ እንዲሰማ ዝቅ ያለ ነበር። «የሚቀበል ሰው ይሸከመዋል።»

«ሸጋው፣ ተው» አለች አገኘሽ ከሴቶቹ ወገን።

እናቱ ባትናገር ምናልባት ይተወው ነበር። በሕዝብ ፊት በእናቱ ተው የተባለ ወንድ ግን እጁን አይሰበስብም። አስረክቢ፣ አላት ደግሞ። አየሁሽ ክንዶቿን በክንዶቹ ላይ አስደግፋ ቀስ ብላ አራገፈች።

የሸጋው ክንዶች ወደቁ። ጉልበቱ እጥፍ ብሎ ተመለሰ። ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ አልመጣም። እጆቹን ቁልቁል ተመለከተ፣ ከዚያ አየሁሽን። ሰው ሁሉ እያየው አንዱን ነገር በቀኝ፣ አንዱን በግራ ትከሻው ያነገተ መሰለ፤ ሦስተኛውን በክንዱ ይዞ ወደ መተማው መንገድ ሄደ። ባንዳዎቹ ተከተሉት፤ ግን እንደ ሁልጊዜው አጠገቡ አልሄዱም።

አየሁሽ ወደ ቤቷ ስትመለስ ከኋላዋ ምንም አልነበረም። ክረምቱን ሙሉ የለመደችውን ድምፅ ጆሮዋ ፈለገው። ትከሻዋ ቀና ብሏል። ደስ አላላትም፤ ሰው ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ ቦታውን በምላሱ እንደሚፈልግ ዝም ብላ ስትፈልግ ደረሰች።

የሆነውን ማታ የነገራት ሽኩር ነው። ሱቁ ከጦር ሰፈሩ በር ፊት ለፊት ነውና በዓይኑ አይቶታል። ሸጋው የደረሰው ልክ ቀትር ላይ ነበር። ባንዳዎቹ ወደ ኋላ ቀርተዋል። በበሩ ላይ የነበረው ዘበኛ በዚያው ሳምንት ከሩቅ አገር የመጣ፣ አስካሪ የሚሉት የጣሊያን ቅጥር ወታደር ነው፤ ሸጋውን በመልክ አያውቀውም። ከሩቅ ቁም አለው። ሸጋው ጎንበስ ብሎ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ዝም ብሎ መጣ። መሣሪያህን ጣል አለው። ይህን በጣሊያንኛ፣ ቀጥሎ በዓረብኛ ተናገረ። ሸጋው ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል።

«ሊጥል እየሞከረ ነበር» አለ ሽኩር። «አየሁት። ትከሻውን እንዲህ፣ እንዲህ ያደርጋል። አልወርድ አለው። ወላሂ እትየ፣ አልወርድ አለው።»

ሦስተኛው ጥሪ ሳይመለስ ዘበኛው ተኮሰ። ኸዋጃው ሮጦ ወጥቶ ሬሳውን ሲያይ ራሱን ያዘ። ዘበኛው በአምላኩ ይምላል፤ ሁለት ጠመንጃ አንግቶ በክንዱ ጋሻ ይዞ ነበር ይላል። ባንዳዎቹ ተጠየቁ፤ እነሱም ይዞ ነበር አሉ። እስኪመሽ ድረስ አቧራው ሁሉ ተፈተሸ። የተገኘው አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ነው። አለቆቹ ለምን የገዛ አስተርጓሚህን ገደልህ እንዳይሉት፣ ኸዋጃው ዘበኛው ያለውን እንዳለ በወረቀት አስጻፈ፤ በአደባባይ ሁለት ጠመንጃና አንድ ጋሻ ይዞ ተገኘ፣ መሣሪያዎቹም ተወረሱ። ማኅተም መታበት።

በማግስቱ አገኘሽ ከሬሳው ጋር የሰጧትን ያን ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። ተቀመጪ ብትባል አልተቀመጠችም። አገኘሽ ማንበብ አትችልም፤ ያነበበላት ሰው የነገራትን ግን በቃሏ ይዛዋለች። ለአየሁሽ ደገመችላት።

«ልጄ በዕድሜው ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም» አለች። «ሕፃን ሆኖ ወፍ እንኳ አልወገረም። ምን ይዞ ነው የሞተው? አንቺ ታውቂያለሽ።»

አየሁሽ ልትዋሽ ትችል ነበር። ሁለት ሰዎች ላይ ዝም ብላ ምን እንደደረሰባት ታውቃለችና አልዋሸችም።

«እኔ ያቃተኝን ነው» አለቻት። «ውጅግራው የአዛናው ነው። ጋሻው የአያ ተገኘ። ምንሽሩ የእንግዳው። አትቀበል አልሁት።»

አገኘሽ የነጠላዋን ቋጠሮ አጠበቀች። አትሳደብም፣ አታለቅስም።

«እንግዲያ አንቺ ታወርጂለታለሽ» አለቻት።

ለሸጋው ለቅሶ የመጣው ሰው ሃያ አይሞላም ነበር። አሰበች ከነአማቷ መጣች። ሽኩርም መጥቶ ከዳር ቆመ። በሸጋው ቦታ የተተካ፣ ማንም የማያውቀው አዲስ አስተርጓሚ የዚያን ወረቀት ግልባጭ ይዞ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጋቢው ተነጠፈ። አየሁሽ ተነሳች፤ ከውባንተ ለቅሶ ወዲህ እንደዚያ ባለ ድምፅ አላስለቀሰችም።

አውርዱለት ጋሻ፣ አውርዱለት ምንሽር፣
የሰው ሸክም ይዞ እንዴት ብሎ ይደር

አለች። ውጅግራውንም በስሙ ጠራችው። አዲሱ አስተርጓሚ በእያንዳንዱ ስም ወረቀቱን ያያል። ጋሻ አንድ፣ ጠመንጃ ሁለት፤ ሁሉም ተጽፏል፣ ሁሉም ተወርሷል፣ የያዘውም ሞቷል። የሚጠየቅ ሰው የለም። ራሱን ነቅንቆ ወረቀቱን አጠፈ። አገኘሽ ሁለት ክንዷን ዘርግታ አንድ በአንድ ተቀበለች፤ አንድ በአንድም ጋቢው ላይ አስቀመጠች። ጋቢው ሦስት ቦታ ላይ ጎደጎደ። አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ሸፈኑ። አሰበች ከተቀመጠችበት አየሁሽን ቀና ብላ አየቻት፤ በሯ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ኳ ብሎ እንደማያውቅ በዓይኗ ነገረቻት።

አየሁሽ ብቻዋን ወደ ቤቷ ተመለሰች። ቀትር ነበር። ሰሊጡ ደርቆ ፍሬው ሊፈነዳ ደርሷል። የሚከተላት እግር የለም፣ የሚፋተግ ቆዳ የለም፣ ቀለበት የለም። ግማሽ መንገድ ሄደች።

ከሰሊጡ ዳር ስትደርስ አንድ ድምፅ ሰማች። በጣም ቀጭን ነው፤ ጥንዚዛ ደረቅ ቅጠል ላይ ስትሄድ የምታሰማውን ያህል ነው። ጫር፣ ጫር ይላል። ያቆማል። ጫር ይላል። አየሁሽ ቆመች። ወረቀቱ ላይ የሌለውን፣ እሷም ያልጠራችውን፣ ከሸጋው ደረት ኪስ የተገኘውን ያን ጊዜ አስታወሰች። ከእናቷም ሆነ ከማንም፣ እርሳስን ከወንድ ትጥቅ ቆጥሮ የሚያወርድ ስንኝ ሰምታ አታውቅም።

«ልጄ» አለች ሳትዞር፤ «እሱን እንዴት ብዬ እንደማወርድልህ አላውቅም።»

ድምፁ ቆመ። አዳመጠ። ከዚያ ያለችውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መጻፍ ጀመረ።